ስድስት ሰከንድ በትምህርት ቤቱ በር

በፈረቃ ለሚያስተምር ትምህርት ቤት ከቀኑ ሁሉ የሚያሰጋው ሰዓት 6 ሰዓት ገደማ ነው። የጠዋቱ ፈረቃ ሲለቀቅ የከሰዓቱ ይገባል። አንደኛው ወገን ርቦታል፤ ሌላው በሩ እንዳይዘጋበት ይሮጣል። ፀሐይዋ አናት ላይ ስለሆነች ሁሉም ጥላ ወዳለበት ወገን መሻገር ይፈልጋል። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው አስፋልት ላይ ትርፍ የጫነ ዶልፊን፣ ከብት የጫነ አይሱዙ፣ ባጃጅና ሁለት ሰው ያፈናጠጠ ሞተር ይተላለፋሉ። ነገሌ ቦረናም ሆነ ሞያሌ፣ ሜጋም ሆነ ቡሌ ሆራ፣ ነገሩ ተመሳሳይ ነው።

ነገሌን ብዙ አንባቢ የሚያውቃት በ1966 ዓ.ም. ጥር ወር ነው፤ እዚያ የሰፈሩ ወታደሮች በምግብና በውሃ ጉዳይ አምፀው የአብዮቱን የመጀመሪያ ክብሪት የጫሩባት ከተማ ናት። ለሾፌር ግን ነገሌ መተላለፊያ ናት። ከአዶላ በኩል ወርዶ ወደ ፊልቱና ወደ ዶሎ አዶ የሚዘልቀው መንገድ በእሷ በኩል ያልፋል፤ ነዳጁ፣ እህሉ፣ ለስደተኛ ጣቢያዎቹ የሚሄደው እርዳታ በዚሁ ይጓዛል። በስተምዕራብ ያለው የሞያሌ መስመር ደግሞ አዲስ አበባን ከናይሮቢና ከሞምባሳ የሚያገናኝ ዓለም አቀፍ መንገድ ነው። ከቡሌ ሆራ እስከ ሞያሌ ያለው ክፍሉ እንደገና ተሠርቷል። ለነጋዴውና ለበሽተኛው እሰየው ነው። ይሁን እንጂ ጉድጓዱ ሲደፈን አብሮ የተደፈነ አንድ ነገር አለ፤ ሾፌሩን ሳይወድ በግድ ያዘግመው የነበረው ራሱ ጉድጓዱ ነበር።

ሾፌርን አረመኔ አድርጎ መውቀስ ቀላል ነው። ሕዝቡም አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ያለው በከንቱ አይደለም። ነገር ግን ዓይን ፍጥነትን እንደሚለምድ ማወቅ ያስፈልጋል። በቦረና ሜዳ ላይ፣ ከፍየልና ከግመል በቀር የሚያግድ በሌለበት ቀጥ ያለ አስፋልት፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ በ80 እና በ90 ሲነዳ የቆየ ሰው ወደ 50 ሲወርድ የቆመ ያህል ይመስለዋል። ከተማ መግባቱን የሚነግረው ነገር ከሌለ የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ያለ መስሎት ያልፈዋል። ክፋት ሳያስፈልገው መግደል ይችላል ማለት ነው።

እስቲ እናስላው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 8 ሜትር ያህል ይጓዛል። ልጅ ድንገት ሲገባበት ሾፌሩ አይቶ፣ ደንግጦ፣ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ መኪናው በደረቅ አስፋልት ላይ ሌላ 5 ሜትር ሄዶ ይቆማል። ድምሩ 13 ሜትር ነው። አሁን 50 የሚሄደውን እንይ። እሱ በዚያች በመጀመሪያዋ ሰከንድ ብቻ 14 ሜትር ይጓዛል። 30 ይሄድ የነበረው ቆሞ ባለቀበት ቦታ 50 የሚሄደው ገና ፍሬን አልነካም። ልጁ የገባው 13 ሜትር ርቀት ላይ ከሆነ አንደኛው መኪና አፍንጫው ሥር ይቆምለታል፤ ሁለተኛው በሙሉ ፍጥነቱ ይመታዋል። ልዩነቱ 20 ኪሎ ሜትር ነው፤ ብዙ ሾፌር «ትንሽ ነው የጨመርኩት» የሚለው። ይህ ሁሉ ደግሞ ጎማው ያላለቀ፣ ፍሬኑ የተስተካከለ፣ ጭነቱ ልክ የሆነ መኪና ሒሳብ ነው። አስፋልቱ አሸዋ ከለበሰ ርቀቱ ይረዝማል።

የምቱን ክብደት በከፍታ መለካት ይቻላል። በ30 ኪሎ ሜትር መመታት ከ3 ሜትር ተኩል ገደማ፣ ማለትም ከቤት ጣሪያ እንደ መውደቅ ነው። በ50 ሲሆን ወደ 10 ሜትር ይጠጋል፤ ይህ ከሦስተኛ ፎቅ መውደቅ ነው። ለዚህ ነው በ2020 እ.ኤ.አ. የካቲት ስቶክሆልም ላይ የተሰበሰቡት የዓለም ሚኒስትሮች፣ እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ የፍጥነት ጣሪያው 30 ይሁን ያሉት። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ከ2021 እስከ 2030 ያለውን ዘመን በመንገድ የሚሞተውን ሰው በግማሽ ለመቀነስ መደበው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ከማንኛውም በሽታ በላይ የሚገድለው የመንገድ አደጋ ነው። ስለ አገራችን ያወጣው ቁጥር ደግሞ ያስደነግጣል። በ2016 እ.ኤ.አ. ፖሊስ የመዘገበው ሟች 4,300 ገደማ ሲሆን የድርጅቱ ግምት ግን ከ27 ሺህ በላይ ነው። ከሆስፒታል በራቀ ቆላ ተመትቶ መንገድ ላይ ያለፈ ልጅ በየትኛው መዝገብ ሊሰፍር እንደሚችል ማሰብ ነው።

ታዲያ ትራፊክ ፖሊሱስ? ሕጉ አለ። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 208 የፍጥነት ወሰንንና የጥፋት እርከኖችን ደንግጎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ሕጉ ተሻሽሏል። ችግሩ ቅጣት የሚያስፈራው መጠኑ ሲበዛ ሳይሆን መያዝ የማይቀር ሲሆን መሆኑ ነው። ብዙውን ጊዜ ትራፊክ የሚቆመው ከተማ መግቢያ ኬላው ላይ ነው፤ መንጃ ፈቃድና ሊብሬ ያያል፣ ትርፍ ይቆጥራል። ፍጥነት በዓይን አይቆጠርም፤ ራዳር ያስፈልገዋል። ራዳር ቢኖርም ከፊት የሚመጣው ሾፌር በመብራት ጥቅሻ ወንድሙን ያስጠነቅቃል፤ ይህን የማያውቅ ተሳፋሪ የለም። በእኔ አስተያየት ያለውን ጥቂት የሰው ኃይል ቀኑን ሙሉ ኬላ ላይ ከማዋል ጠዋት 2 ሰዓት፣ 6 ሰዓት እና 11 ሰዓት ላይ ትምህርት ቤቱ በር ማቆም ይሻላል። ሰደርያ ለብሰው «ቁም» የሚል ምልክት የሚያነሱት ተማሪ ትራፊኮችም ደስ ያሰኛሉ፤ ነገር ግን አይሱዙ ፊት መቆም የልጅ ሥራ አይደለም። እነሱ ጓደኞቻቸውን ጠርዝ ላይ ይያዙ፤ መኪናውን የሚያስቆመው አዋቂ ይሁን።

ሌሊትም በዓልም ሳይል፣ ደሞዝ ሳይጠይቅ የሚቆመው ትራፊክ ግን ጉብታው ነው፤ ሰዉ «ስፒድ ብሬከር» የሚለው። ጉብታም ዓይነት አለው። ልጅ ተመትቶ ሰፈሩ በንዴት የሚከምረው ድንጋይና አፈር ቁጣው ቢገባኝም ሌላ ሰው ይጎዳል፤ ቀለምም ምልክትም ስለሌለው ማታ የሚመጣ ሞተረኛ ሳያየው ይወድቅበታል። አጭርና ሹል የሆነው የአስፋልት ጉብታም እንዲሁ ነው፤ ባጃጅና ሞተር እሱን ሽሽት ወደ ጠርዙ ይወጣሉ፤ ጠርዙ ደግሞ ልጆቹ የሚሄዱበት ነው። እንግሊዞች ሞክረው ለ30 ኪሎ ሜትር የተስማማ ሆኖ ያገኙት ቅርጽ ከፍታው 10 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር ከ70 የሆነ ክብ ጀርባ ነው። በልኩ የሚሄደውን አይጎዳውም፤ የሚፈጥነውን ግን ጣሪያ ያስነካዋል። ከሁሉም የምወደው ጀርባው ጠፍጣፋ ሆኖ ዜብራው ላዩ ላይ የተቀባበት ነው። ልጁ ከፍ ብሎ ይታያል፤ መኪናው እየወጣ ስለሆነ ይቀዘቅዛል። በግራና በቀኝ ጠርዝ ላይ ደግሞ ምሰሶ ከተተከለ ሞተረኛው ማምለጫ አያገኝም።

ሁለት ልጆች የተሳሉበት ባለ ቀይ ጠርዝ ሦስት ማዕዘን ምልክትስ? ኦሮምኛም ሶማሊኛም አማርኛም የሚናገር ሾፌር ያነበዋል፤ ስለዚህ ይተከል። ግን ወጪው ትንሽ ነው፣ ሥራውም የዚያኑ ያህል።

ይህ ሁሉ በሀብታም አገር ብቻ የሚሠራ የሚመስለው ካለ ዳሬ ሰላምን ይመልከት። እዚያ ለልጆች አደገኛ የሆኑ ትምህርት ቤቶች እየተመረጡ ጉብታ፣ የእግረኛ መንገድና ዜብራ ተሠራላቸው፤ አንዳንዱም በሩን ከዋናው መንገድ ወደ ጓሮ አዞረ። የጉዳቱ ቁጥር ከሥራው በፊትና በኋላ፣ ካልተሠራላቸው ትምህርት ቤቶች ጋር ተነጻጽሮ ሲቆጠር በሩብ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ሥራው በ2019 እ.ኤ.አ. የከተሞች ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ከሁሉ የሚገርመኝ የበሩ ነገር ነው። በር ማዞር ሲሚንቶና አንድ ብየዳ ነው፤ ርዕሰ መምህሩና ወላጅ ኮሚቴው ማንንም ሳያስፈቅዱ ሊነጋገሩበት ይችላሉ።

ጉብታው ግን ፈቃድ ይፈልጋል። ከተማ አቋርጦ የሚያልፈው ዋና መንገድ የፌዴራል ከሆነ ባለቤቱ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ ብድግ ብሎ ሊቆፍረው አይችልም። ብዙ ጥያቄ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው፤ ወረዳው ወደ ዞን፣ ዞኑ ወደ ዲስትሪክት ይልካል፤ ደብዳቤውም «መኪና በጣም ይሮጣል» ከማለት አያልፍም። መሐንዲስ ይህን አንብቦ ምን ያድርግ? ቁጥር ስጡት።

ቁጥሩን ለማግኘት ራዳር አያስፈልግም። ከመንገዱ ራቅ ብላችሁ፣ በአጥር ጥግ፣ በሜትር 50 ሜትር ለኩና በሁለቱ ጫፎች ምልክት አድርጉ። በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። መኪናው ከምልክት እስከ ምልክት 6 ሰከንድ ከፈጀበት 30 እየሄደ ነው። 3.6 ሰከንድ ከሆነ 50፣ 3 ሰከንድ ብቻ ከሆነ 60 ነው። አምስት ቀን፣ በ6 ሰዓት ላይ፣ በየቀኑ 20 መኪና መዝግቡ። መቶ መኪና ይሆናል። ወረቀቱን ፈርማችሁ፣ የትምህርት ቤቱን ማኅተም አድርጋችሁ፣ ከደብዳቤው ጋር አባሪ አድርጉት።