ጌም ሲከፈት የሚጠፋ ኮምፒውተር የመሥሪያ ቤቱን መዝገብም ሊያዛባ ይችላል

ጂንካ፦ አንድ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ደብዳቤ ሲጻፍበት ያለችግር እየሠራ፣ በዕረፍት ሰዓት ጌም ሲከፈትበት ግን በድንገት የሚጠፋ ወይም ሰማያዊ ገጽ የሚያሳይ ከሆነ፣ ጉዳዩ “የጌሙ ችግር ነው” ተብሎ ሊታለፍ አይገባም። ከመንስኤዎቹ አንዱ ራም ተብሎ የሚጠራው የኮምፒውተሩ ሜሞሪ ብልሽት ሲሆን፣ ይኸው ብልሽት የደመወዝና የንብረት ሰነዶችንም ሊያዛባ ይችላል።

ራም ኮምፒውተሩ በሥራ ላይ እያለ የሚጠቀምባቸውን መረጃዎች ለጊዜው የሚይዝ ክፍል ነው። ደብዳቤ መጻፍ ከሜሞሪው ጥቂቱን ብቻ ስለሚጠቀም የተበላሸው ቦታ ለረጅም ጊዜ ሳይነካ ሊቆይ ይችላል። ጌም ግን በርካታ ጊጋባይት በአንድ ጊዜ ስለሚይዝና የኮምፒውተሩን ሙቀት ስለሚጨምር የተደበቀውን ብልሽት ቀድሞ ያጋልጣል።

አሳሳቢው ነገር ብልሽቱ ሁልጊዜ ኮምፒውተሩን የማያጠፋ መሆኑ ነው። ኮምፒውተር በጽሑፍ መልክ በሚይዘው ሰነድ ውስጥ “1” እና “9” የሚለያዩት በአንድ ቢት ብቻ ነው። በመሆኑም አንዲት ቢት ብትሳሳት 1ሺህ 200 ብር 9ሺህ 200 ብር ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል፤ ኮምፒውተሩም ምንም ማስጠንቀቂያ ላይሰጥ ይችላል።

ጉዳዩ ለደቡብ ኦሞ አካባቢ ልዩ ትርጉም አለው። ጂንካ ከአዲስ አበባ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትሮች ርቃ ትገኛለች። ከባሕር ጠለል በላይ 1ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ከጂንካ ተነስቶ ወደ ዳሰነች ቆላ ሲወረድ ከፍታው ወደ 400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፤ ሙቀቱም በዚያው መጠን ይጨምራል። ሙቀት፣ አቧራና የኤሌክትሪክ ኃይል መዋዠቅ ደግሞ የኮምፒውተር ዕቃዎችን ዕድሜ ያሳጥራሉ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው ወረዳኔት አማካይነት ወረዳዎች ከክልልና ከፌዴራል ተቋማት ጋር መገናኘት ከጀመሩ ወዲህ ደግሞ የመንግሥት ሥራ በኮምፒውተር ላይ ያለው ጥገኝነት እየጨመረ መጥቷል። ስለሆነም ኮምፒውተሩን ወደ ሩቅ ከተማ ከመላክ ወይም እንዲወገድ ከመወሰን በፊት በቅርብ ሆኖ መመርመር ጊዜንም ገንዘብንም ያድናል።

በቅድሚያ አስፈላጊ ሰነዶች ወደ ሌላ ማከማቻ ሊገለበጡ ይገባል። የተበላሸ ሜሞሪ ግልባጩንም ሊያበላሽ ስለሚችል ቅጂው በሌላ ኮምፒውተር ተከፍቶ መረጋገጥ ይኖርበታል።

በመቀጠል የሜሞሪ ማነስና የሜሞሪ ብልሽት ተለይተው መታየት አለባቸው። ሜሞሪ ሲያንስ ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል፤ በአብዛኛውም የሚዘጋው የተከፈተው ፕሮግራም ብቻ ነው። ሜሞሪ ሲበላሽ ግን ኮምፒውተሩ ያለማስጠንቀቂያ ሊጠፋ ይችላል፤ የሚያሳየው የስህተት መልዕክትም በየጊዜው ሊለያይ ይችላል።

ለምርመራው እ.ኤ.አ ከ2007 ጀምሮ በዊንዶውስ ውስጥ ተካትቶ የሚገኘው ዊንዶውስ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ ያገለግላል። ከፍላሽ ዲስክ የሚነሳው ሜምቴስት86 ደግሞ ይበልጥ ጥልቅ ምርመራ ያደርጋል። ብልሽቱ አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይ ሊሆን ስለሚችል ምርመራውን ደጋግሞ ማካሄድ ይመከራል። የራሙ ፍጥነት በባዮስ ማስተካከያ ከመደበኛው በላይ ተደርጎ ከሆነም ወደ መደበኛው መመለስ ያስፈልጋል።

ምርመራው ስህተት ካሳየ ባለሙያው ኮምፒውተሩን ከኤሌክትሪክ ነቅሎ፣ የብረት አካሉን በመንካት በእጁ ያለውን የኤሌክትሪክ ሙል ካስወገደ በኋላ ራሞቹን ያወጣል። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጠርጎ ራሞቹን በየቦታቸው አጥብቆ ይመልሳል። ስህተቱ ከቀጠለ ራሞቹን አንድ በአንድ፣ ማስገቢያዎቹንም እንዲሁ እየቀያየረ ይፈትሻል። ስህተቱ ራሙን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የራሙ ነው፤ በአንድ ማስገቢያ ላይ ብቻ ከታየ ግን ችግሩ ማዘርቦርዱ ላይ ሊሆን ይችላል።

ምርመራው ተደጋግሞ ስህተት ካልተገኘ የማቀዝቀዣው ፋን፣ የኃይል ሰጪው፣ እንዲሁም የግራፊክስ ካርዱና ድራይቨሩ በተራ ሊታዩ ይገባል።

ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 የተባሉት የራም ዓይነቶች አንዱ በሌላው ቦታ ስለማይገቡ፣ በግዥ ጥያቄው ላይ የራሙ ዓይነት፣ መጠንና ፍጥነት በትክክል መገለጽ አለበት። ኮምፒውተሩ የመንግሥት ንብረት በመሆኑም የወጣውና የገባው ዕቃ በንብረት መዝገብ ሊሰፍር፣ ዋስትናው ያላለቀ ኮምፒውተር ደግሞ ከመከፈቱ በፊት አቅራቢው እንዲያውቀው ሊደረግ ይገባል።

ከጥገናው በኋላም ችግሩ በታየበት ጊዜ የተዘጋጁ የሂሳብና የንብረት ሰነዶች ከወረቀት ማስረጃዎቻቸው ጋር መመሳከር አለባቸው። ራሙን መቀየር ኮምፒውተሩን ያድነዋል እንጂ ቀድሞ የተዛባውን አኃዝ አያስተካክልም።