መተማ ሰማይ ላይ የተፈተነው መትረየስ

ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ብርጋዴር ዊሊያም ስሊም የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ከሱዳን ተነሥቶ የድንበሩን ምሽግ ጋላባትን ከጣሊያን ነጠቀ፤ መተማን ግን መያዝ አልቻለም። ታንኮቹ በድንጋያማው መሬት ተሰባበሩ፣ ሰማዩም ለጣሊያን ሆነ። የእንግሊዝ ወገን ግላዲያተር አውሮፕላኖች አሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ የፈለሰፈው ዓይነት አራት አራት መትረየስ ነበራቸው፤ የጣሊያኑ ፊያት ሲአር-42 በብዛት ሁለት ብቻ። በቁጥር ከሄድን ግላዲያተር ማሸነፍ ነበረበት። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው።

እርግጥ የፊያቱ ጥይት 12.7 ሚሊ ሜትር፣ የግላዲያተሩ 7.7 ስለነበር «ልዩነቱ የአፈሙዙ ነው» የሚል ይኖራል። ክርክሩ ዋዛ አይደለም፤ አሜሪካኖችም በኋላ 12.7ቱን መርጠዋል። ሆኖም ግላዲያተሮቹ አንድ ሁለት እያሉ በተናጠል ገቡ፣ በብዛት የመጡት ፊያቶች ለቃቀሟቸው። ከእንዲህ ዓይነቱ ሽንፈት ትልቅ አፈሙዝ ብቻውን የሚያድን አይመስለኝም። የአሜሪካው ቢ-17 ቦምብ ጣይ ማስረጃ ነው፦ የኋለኛው ሞዴሉ 13 ባለ 12.7 መትረየስ ታጥቋል፤ ከሆዱ ሥር በተንጠለጠለች ተሽከርካሪ የብረት እንቁላል ውስጥ አንድ ተኳሽ ጉልበቱን አጥፎ ሁለቱን ይይዛል (ለረጅም ሰው የሚሆን ቦታ አልነበረም)። እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 1943 ጀርመን ሽቫይንፉርት ላይ አጃቢ ተዋጊ ያልነበራቸው ቦምብ ጣዮች በአንድ ቀን 60 ረገፉ። ኪሳራው የቀለለው ረጅም ርቀት የሚበረው ፒ-51 ሙስታንግ ዒላማው ድረስ ማጀብ ሲጀምር ነው።