ጥያቄው የት ላይ ቀረ?

ድረ ገጽ አልከፍት ባለ ቁጥር መወቃቀሱ ይጀመራል። ተጠቃሚው ኢንተርኔቱን ያማል፣ ፕሮግራመሩ ኔትወርኩን፣ የኔትወርክ ባለሙያው ደግሞ ፕሮግራሙን። ሁለቱንም ወገን የሚያየው መሀል የተቀመጠው ፕሮክሲ ነው። ጥያቄውን ከተጠቃሚው ተቀብሎ ለሰርቨሩ ያደርሳል፣ መልሱንም ይዞ ይመለሳል። ያየውን የምናውቀው ግን ሎጉ በወጉ ከተጻፈ ብቻ ነው።

ፈረንሳዊው ዊሊ ታሮ በ2000ዎቹ መባቻ (እ.ኤ.አ.) የጀመረው ኤችኤፕሮክሲ ይህን በደንብ ያሳያል። የሎጉ ዓይነት ካልተመረጠለት፣ ግንኙነቱ ከየትኛው አድራሻ ወደ የትኛው እንደመጣ መዝግቦ ያልፋል። ብልሽት ለሚፈልግ ሰው ይህ ከምንም አይቆጠርም። ኮንፊገሬሽኑ ላይ «ኦፕሽን ኤችቲቲፒሎግ» የሚል መስመር ሲጨመር ግን ሎጉ ሌላ ይሆናል።

ለምሳሌ 10/0/2/-1/30012 የሚል ቢገኝ፣ ቁጥሮቹ ሚሊሰከንዶች ናቸው። ጥያቄው ተሟልቶ እስኪደርስ 10 ፈጅቷል፤ ወረፋ አልነበረም፤ ከሰርቨሩ ጋር ለመገናኘት 2 በቅቷል። አራተኛው የሰርቨሩ ምላሽ የተጠበቀበት ነው፤ -1 ማለት ምላሹ ከነጭራሹ አልመጣም ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ያለው ጠቅላላው ጊዜ ነው፣ 30 ሰከንድ ገደማ። ቀጥሎ 504 የሚለው ኮድ፣ ከዚያም ትንሿ «ኤስ» እና ትልቋ «ኤች» ይመጣሉ። ትንሿ «ኤስ» ሰርቨሩን የመጠበቂያው ጊዜ ማለቁን ትናገራለች፤ ትልቅ ብትሆን ኖሮ ግንኙነቱን የቆረጠው ራሱ ሰርቨሩ ነው ማለት ነበር። «ኤች» ደግሞ ሲጠበቅ የነበረው የምላሹ ሄደር እንደሆነ ታመለክታለች። እንግዲህ ኬብል መነካካት አያስፈልግም፤ በ2 ሚሊሰከንድ ተገናኝቶ ዝም ያለው ፕሮግራሙ ነው።

ሎግ ማሻሻል ሲባል ብዙዎች ዲበግ ከፍተው ዲስኩን ይሞላሉ። እኔ የማስቀድመው መለያ ቁጥርን ነው። ኤችኤፕሮክሲ ለእያንዳንዱ ጥያቄ የራሱን መለያ ሰጥቶ በሄደር ለሰርቨሩ ማሳለፍ ይችላል። ፕሮግራመሩም ያንኑ መለያ በራሱ ሎግ ላይ ካሰፈረ፣ አንዱ ጥያቄ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል፤ ካላሰፈረ ክትትሉ ሰርቨሩ ደጃፍ ላይ ይቆማል።

ጥንቃቄም ይፈልጋል። የ«ኤችቲቲፒሎግ» መስመር የተጠየቀውን አድራሻ ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ያለውን ጨምሮ ይጽፋል። የይለፍ ቃል ወይም ቶከን በአድራሻው ውስጥ የሚልክ ፕሮግራም ካለ፣ ምስጢሩ ሎጉን ማንበብ ለሚችል ሁሉ ይጋለጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ፕሮግራሙ ይታረም፤ እስኪታረምም ያ ክፍል ከሎጉ ፎርማት ይውጣ።