ሳይነኩት የሚነካ ቁልፍ፤ ጣቱ ለደነዘዘ ሰውስ?

2012 ዓ.ም. ላይ ኮሮና ሲገባ በየባንኩና በየመሥሪያ ቤቱ በር የተተከለውን በእግር የሚረገጥ የእጅ መታጠቢያ ታስታውሳላችሁ አይደል? ቧንቧውን በእጅ መንካት ቀረ፤ ጥሩ። ግን በዊልቸር የመጣ ሰው ፔዳሉን በምኑ ይርገጠው? አንድ ሰው ካልረገጠለት ሳይታጠብ ይገባል።

አሁን ደግሞ ጣት ሲጠጋው የሚሠራ ቁልፍ መጥቷል። ለዓይነ ስውር ሰው ይሄኛው ይብሳል። የሊፍት ቁልፍን የሚያገኘው ዳስሶ ነዋ! 4ኛ ፎቅን ሲፈልግ ጣቱ ያለፈበት ሁሉ ይበራል፤ "ተጫንኩት ወይስ አልተጫንኩትም?" ቢል የሚመልስለት የለም።

ለዚህ መፍትሔ ይሆናል የተባለው አየር ላይ የሚዳሰስ ቁልፍ ነው። በፈረንጆቹ 2008 የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አሳዩት፤ በ2013 ደግሞ ከእንግሊዙ ብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ የወጣ አልትራሃፕቲክስ የተባለ ድርጅት (በኋላ አልትራሊፕ የተባለው) ለገበያ ይሠራው ጀመር። አስማት አይደለም፣ ድምፅ ነው። ብዙ ትንንሽ ስፒከሮች በሰከንድ 40,000 ጊዜ የሚርገበገብ፣ ጆሯችን የማይሰማው ድምፅ ይለቃሉ። ሁሉም ድምፅ እኩል አንድ ነጥብ ላይ እንዲደርስ ሲደረግ እዚያች ነጥብ ላይ አየሩ ቆዳን ገፋ ያደርጋል። በዚያ ፍጥነት የሚርገበገብን ነገር ቆዳችን አይለየውም፤ ስለዚህ ግፊቱን በሰከንድ 200 ጊዜ ያህል ያበሩታል፣ ያጠፉታል። ያኔ ምንም ሳትነኩ መዳፋችሁ ላይ ንዝረት ይሰማችኋል። ("አልትራሳውንድ ነው፣ ጨረር የለውም ወይ?" ለምትሉ፦ የለውም። ድምፁም ቆዳ ላይ ሲደርስ ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጥሮ ይመለሳል።)

ለምን 200? ቆዳችን ውስጥ ጠለቅ ብለው የተቀመጡ፣ ፓሲኒያን ኮርፐስል የሚባሉ ንዝረት ተቀባዮች አሉ። በጣም ንቁ የሚሆኑት በሰከንድ ከ200 እስከ 300 በሚሆን ንዝረት ነው። በጨለማ የመንዝ ባናንና ጋቢን በጣታችሁ ስትለዩ እነሱም ሥራ ላይ ናቸው፤ ጣት ሻካራ ነገር ላይ ሲሄድ የሚፈጠረውን ረቂቅ ንዝረት ያነባሉ።

እንደ ሐኪም የሚያሳስበኝ እዚህ ጋ ነው። ስኳር በሽታ ነርቭን ሲጎዳ ቀድመው ከሚደክሙት ስሜቶች አንዱ ንዝረትን መለየት ነው። ለዚህም ነው ክሊኒክ ስትመጡ የምትንዘረዘር ሹካ መሳይ ብረት አውራ ጣታችሁ ላይ አስቀምጠን "ይሰማዎታል?" የምንለው። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ከእግር ይጀምርና ሲቆይ ወደ እጅ ይወጣል። ያው ስኳር የዓይን ረቲናንም ይጎዳል። ስለዚህ በስኳር ምክንያት ዓይኑን ያጣ ሰው ያንን የአየር ንዝረት መለየት የማይችለው ራሱ ሊሆን ይችላል! ብሬልም ይከብደዋል። የሥጋ ደዌም እንዲሁ ዓይንንም ጣትንም ሊጎዳ ይችላል። ዕድሜ ብቻውንም የንዝረት ስሜትን ይቀንሳል።

እኔ ቴክኖሎጂውን አልጠላሁትም፣ እንዲያውም ደስ ይለኛል። ብቻውን ሲቆም ነው የማልቀበለው። ቁልፉ ይንዘር፣ ጎላ ያለ ምልክት ይኑረው፣ "አራተኛ ፎቅ" ብሎም ይናገር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ (ቁጥር 624/2001) የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በዊልቸር ለሚሄዱና ደረጃ ለሚከብዳቸው ሰዎች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዟል። በሩን አልፎ የገባ ሰው ግን ቁልፉ ጋ መቆም የለበትም። አዲስ ሊፍት ወይም ኤቲኤም የምታስገቡ ካላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት "ይናገራል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ዘመሮ ያላችሁ "ዶክተር፣ የምን ሊፍት አመጣህብን" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ስልኩ ግን እናንተም ጋ አለ፤ እሱም ያው ለስላሳ መስታወት ነው። ዓይናቸው ለደከመ እናትና አባት አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ ገብታችሁ አክሰሰቢሊቲ ስር ቶክባክን አብሩላቸው፤ አይፎን ላይ ቮይስኦቨር ይባላል። የነኩትን ያነብላቸዋል። ሲበራ አነካኩ ስለሚለወጥ (አንዴ ነክቶ መስማት፣ ሁለቴ መታ አድርጎ መክፈት) አጠገባቸው ሆናችሁ ለጥቂት ቀን አለማምዷቸው።

ስኳር ያለባችሁ ደግሞ፣ ምንም ባያማችሁም በዓመት አንዴ የእግር ስሜታችሁንና ዓይናችሁን አስመርምሩ። መደንዘዝ፣ መጠዝጠዝ ወይም ማቃጠል ከጀመራችሁ ግን ዓመቱን አትጠብቁ።