ግራው ቀኝ ሲሆን

መጀመሪያ የከሰከስኳት አውሮፕላን አንድ ብር አላስወጣችኝም። ሲኤምሲ አካባቢ ባለ ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ፣ ላፕቶፕ ላይ በተጫነ የሞዴል አውሮፕላን ሲሙሌተር ነበር የምትበረው። ተነሣች፣ ወጣች፣ ራቀች፤ እስከዚህ ድረስ እኔም አብራሪ ነበርኩ። ዞራ ወደ እኔ መምጣት ስትጀምር በስተቀኜ ያለው ክንፏ ዘመም አለ። እጀታውን ወደ ግራ መለስኩት። ይባስ ዘመመች። ጠበቅ አድርጌ አሁንም ወደ ግራ። ወዲያው አፍንጫዋ ሣር ውስጥ ተሰካ። አጠገቤ የተቀመጠው የእህቴ ልጅ «አጎቴ፣ እሷን አገዝካት እኮ!» አለና ሪሞቱን ከእጄ ወሰደ።

እውነቱን ነው፣ እንድትወድቅ ያገዝኳት እኔው ነኝ። አውሮፕላን ውስጥ የተቀመጠ አብራሪ የእሱ ግራ ሁልጊዜ የአውሮፕላኑ ግራ ነው። መሬት ላይ ቆሞ በሬድዮ የሚያበርር ሰው ግን ይህ የሚሠራለት አውሮፕላኑ ጀርባውን ሰጥቶት ሲሄድ ብቻ ነው። ፊቱን ሲያዞር ግራው ቀኝ ይሆናል። ይህንን ማንም በወረቀት ላይ ይረዳዋል፤ ጣት ግን ወረቀት አያነብም። ለማስላት አንድ ሰከንድ ከፈጀብህ፣ አንዲት መካከለኛ የልምምድ ሞዴል በዚያች ሰከንድ 12 ሜትር ያህል ትሄዳለች።

መድኃኒቱ እንዳታሰላ ማድረግ ነው። አስተማሪዎች ለጀማሪ የሚነግሩት ዘዴ ወደ አማርኛ ሲመጣ እጅግ ያምርበታል፦ ወደ አንተ ስትመጣ ለወደቀው ክንፍ ባላ ትከልለት። በዓይንህ የዘመመው በየትኛው ወገን ነው? በቀኝህ ከሆነ እጀታውን ወደ ቀኝ፣ ልክ የጎበጠ አጥር ሥር ድጋፍ እንደሚያቆም ሰው። ግራ ቀኝ ማለት ቀረ። እኔ በዚህ ዘዴ ከሰዓት በፊት ያልቻልኩትን ከሰዓት በኋላ ቻልኩ። ጀማሪን ከፍ ብለህ አብርር የሚሉትም ለዚሁ ነው፤ የከፍታው መለኪያቸው ደግሞ ሜትር ሳይሆን ስህተት ነው። ሦስት ጊዜ ብትሳሳት እንኳ መሬት የማትደርስበትን ከፍታ ያዝ ይላሉ።

ክለብ ባለበት አገር ተማሪና አስተማሪ ሁለት ሪሞት አገናኝተው ይይዛሉ። አስተማሪው አንዲት ማብሪያ ተጭኖ እስከያዘ ድረስ ተማሪው ያበርራል፤ ጣቱን ሲያነሣ መሪው ወዲያው ወደ እሱ ይመለሳል። የተገላቢጦሽ አለመሆኑ የታሰበበት ነው፤ የደነገጠ ሰው ከሚጫን ይልቅ ሲለቅቅ ይፈጥናልና። የመለማመጃዋ አውሮፕላንም ለይቅርታ የተሠራች ናት። ክንፏ ከላይ ነው፣ ጫፍና ጫፉ ትንሽ ወደ ላይ ቀና ያለ። ወደ አንድ ጎን ስትዘም በዚያው ጎን ትንሸራተታለች፤ ያን ጊዜ የወረደው ክንፍ አየሩን በሰፋ ማዕዘን ስለሚያገኘው የበለጠ ይነሣና ያቃናታል።

እኛ ሳሎን ውስጥ የቀረነው ወደን አይደለም። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አዲስ አበባ መሀል ነው፤ ከገርጂ፣ ከጎሮ፣ ከቡልቡላ ሰማይ ላይ ተሳፋሪ የጫነ አውሮፕላን አይጠፋም። በሬድዮ የሚመራ በራሪ ያለ ፈቃድ ማንሣት አይቻልም፤ ድሮን በሻንጣ ይዞ የሚመጣ እንግዳም አስቀድሞ ፈቃድ ማውጣት አለበት። በእኔ እምነት ክልከላው ራሱ አያስከፋም። የሚያስቆጨው ከማረፊያው ራቅ ያለ፣ ፈቃዱ ተሟልቶለት ልጆች አስተማሪ አጠገባቸው ቆሞ የሚለማመዱበት አንድ ሜዳ አለመለየቱ ነው። የአፍሪካ ትልቁ አየር መንገድ ጎረቤት ሆኖ ላደገ ልጅ ይህ ያንሰዋል።

የሲሙሌተሩ ሜዳ ግን አንድ ነገር ደብቆኝ ነበር። ሜዳው በባሕር ጠለል ላይ የተቀመጠ ነው። ቅንብሩ ውስጥ ገብቼ ከፍታውን 2,300 ሜትር አደረግሁት፤ የቦሌ ከፍታ ከዚያ ትንሽ ይበልጣል። ትናንት እንደ ላባ የምታርፍልኝ አውሮፕላን ሜዳውን ጨርሳ ሄደች።

ምክንያቱ አየሩ ነው። በባሕር ጠለል አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ቦሌ ላይ፣ 20 ዲግሪ በሆነ ቀን፣ 0.9 አካባቢ ነው። ሩቡ የለም ማለት ነው። ክንፍ የሚያነሣው የሚገፋውን አየር ያህል ስለሆነ፣ የጎደለውን በፍጥነት መካስ አለበት። ክብደቷ 1.2 ኪሎ፣ የክንፏ ስፋት 0.3 ካሬ ሜትር የሆነች የልምምድ ሞዴል በባሕር ጠለል እስከ 26 ኪሎ ሜትር በሰዓት ዝግ ብትል አትወድቅም፤ እዚህ ከ30 በታች ከወረደች ክንፏ ማንሣቱን ያቆማል። አራት ኪሎ ሜትር ትንሽ ይመስላል። ለጀማሪ ጣት ትንሽ አይደለም፤ የምትጋጭበት ጉልበት ደግሞ በሲሶ ያድጋል። ፕሮፔለሩም የሚቆርጠው አየር ስለሳሳ ግፊቱ ይቀንሳል፤ በነዳጅ የሚሠራ ሞተር ከሆነ ራሱም የሚተነፍሰው ስለሚያንሰው ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። በባትሪ የሚሠራው በዚህ ይሻላል፤ ትንሽ ሰፋ ያለ ፕሮፔለር መቀየር ብዙውን ይክሰዋል።

ትልልቆቹም ከዚህ ዕዳ አያመልጡም። ከዋሽንግተን የሚመጣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ በቀጥታ አዲስ አበባ ይገባል፤ ሲሄድ ግን መንገድ ላይ ቆሞ ነዳጅ ሲሞላ ኖሯል። በዚህ ስስ አየር ነዳጁን ሙሉ፣ ሰዉን ሙሉ አድርጎ መነሣት ይከብዳል፤ ከፊት የሚመጣው ነፋስም ያክልበታል። ቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ የሚሠራው አዲሱ ማረፊያ ከቦሌ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፤ ያቺ 400 ሜትር ለእያንዳንዱ መነሣት የምትሰጠው ጉርሻ አላት። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር በ1928 ዓ.ም. አቃቂ ላይ የሠራት፣ ጣሊያን ወስዳ በ2016 ዓ.ም. የመለሰቻት ባለ አንድ ሞተሯ አውሮፕላን «ፀሐይ»ም የተነሣችው ከዚሁ ከደጋው አየር ነበር።

ሲሙሌተሩ ሲሰለቸን ሞተርም ሬድዮም የሌለው ነገር ሠራን። ከቴሌቪዥን ካርቶን የወጣ ነጭ ፎም በካተር ቆርጠን ክንፍና ጭራ አወጣን፣ በፕላስተር አያያዝን፣ እሑድ ጠዋት ከአያት ማዶ ወዳለ ሜዳ ይዘነው ሄድን። ጠዋት መሄዳችን ነፋሱ ሳይነሣ ለመድረስ ነው። ልጁ ወረወረ። አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አቀናች፣ አየር ላይ ቀጥ አለች፣ በጭራዋ ተመልሳ ወደቀች። ጭራዋ ከብዷታል። ሚዛኗ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ወደ ኋላ፣ በክንፉ ወርድ ሩብና ሲሶ መካከል መዋል ነበረበት፤ በሁለት ጣት አንሥተን ስናያት ከግማሹም ወደ ኋላ ነው። አፍንጫዋ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም ለጠፍን። ጥሩ ሄደች። ልጅ ነውና ሁለተኛ ሳንቲም ጨመረ፤ እንደ ድንጋይ ወረደች። አንዱን መለሰ።

ፀሐይ ከረር ሲል ሦስት አሞራዎች ከበላያችን መዞር ጀመሩ፤ ክንፋቸውን ሳያራግቡ ከፍ ከፍ ይላሉ። የጋለው መሬትና ቆርቆሮ ጣሪያ የሚያሞቀው አየር እንደ ምንጭ ወደ ላይ ሲፈልቅ እነሱ ዙሪያውን ይይዙታል። ሞተር የሌላቸውን ሞዴሎች የሚያበርሩ ሰዎችም እነሱን አይተው ይከተላሉ። የእኛዋ ፎም ይህን አልታደለችም፤ ሃያ እርምጃ ሄዳ አረፈች።

ያኔ ከቦሌ የተነሣ አውሮፕላን ወደ እኛ አቅጣጫ መጣ። ገና እየወጣ ሳለ አንደኛው ክንፉ ዝቅ አለና መታጠፍ ጀመረ።

«ወደ ቀኝ ዞረ» አለ ልጁ።

ዝም አልኩት። አንገቱን አዘንብሎ ትንሽ አየው፣ ባዶ እጁን እንደ እጀታ ያዘና አንቀሳቀሰው።

«አይ... የእሱ ግራ ነው።»