«ከዓይኔ ጥፋ» ሲባል የጠፋው ልጅ

በአማራ ክልል፣ ሳንጃ መናኸሪያ ውስጥ ረዳቱ «ጎንደር፣ አንድ ሰው! ሞልቷል!» እያለ ይጣራል። ከእናቱ የሻይ በራድ አጠገብ የተቀመጠ የ10 ዓመት ልጅ ብድግ ብሎ «አልሞላም፤ አራት ወንበር ባዶ ነው» አለው። ተሳፋሪው ሳቀ፤ ረዳቱ ተቆጣ። ልጁ ግን መቀለዱም መድፈሩም አልነበረም፤ ቆጥሮ ነው የተናገረው። እናትየው «ይቅር በለው ወንድሜ፣ ልማዱ ነው» እያለች ለረዳቱ ሻይ ቀዳችለት።

ይህ ጽሑፍ የተጠነሰሰው ከዚያች ሻይ ነው።

ልጁ በመስመሩ የሚመላለሱትን መኪኖች ታርጋ በቃሉ ያውቃል፤ በሒሳብ ከክፍሉ የሚደርስበት የለም። ደወል ሲመታ ግን ዴስክ ሥር ይገባል። ርዕሰ መምህሩን «አንተ» ይላል። ሐኪም አይቶት ስለማያውቅ ምንም ስም አንለጥፍበትም፤ ሆኖም አቀላጥፈው በሚናገሩ ልጆች ላይ ስለሚታየው የኦቲዝም ዓይነት፣ ስለ አስፐርገር፣ ያነበበ ሰው እናቱን ሲሰማ ጆሮው ይቆማል። «ተናድጄ ‹ከዓይኔ ጥፋ› አልኩት፤ ጠፋ! ማታ በባትሪ ፈልገን ከሰሊጥ መጋዘኑ ጀርባ አገኘነው። ‹ና ስላላልሽኝ ነው› አለኝ።»

ኦቲዝም ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው አፉን ያልፈታ ልጅ ነው። ነገሩን ከጓዳ ወደ አደባባይ ያወጡት ዘሚ የኑስ ትግላቸውን የጀመሩት ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት አጥተው ነው። በ2002 (ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው) አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ በ2021 እስካረፉ ድረስም አልተቀመጡም። ዛሬም እንዲህ ያሉ ማዕከሎች ጥቂት ናቸው። አቀላጥፎ ለሚናገር ልጅ ደግሞ ወረፋ የሚይዝለት እንኳ የለም።

እነዚህን ልጆች ማን ቀድሞ አስተዋላቸው? የቪየናው የሕፃናት ሐኪም ሃንስ አስፐርገር በ1944 ስለ አራት ወንዶች ልጆች ጻፈ። ሞስኮ ትሠራ የነበረችው የሥነ አእምሮ ሐኪም ግሩንያ ሱካሬቫ ግን በ1920ዎቹ አጋማሽ ስለ ስድስት ልጆች አሳትማ ነበር፤ የሰማት ጥቂት ነው። እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሎርና ዊንግ፣ ራሷም ኦቲዝም ያለባት ልጅ እናት፣ በ1981 የአስፐርገርን ስም አነሣች። በ2013 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ስሙን ሰርዘው በኦቲዝም ውስጥ ጠቀለሉት። በ2018 ደግሞ የታሪክ ምሁሩ ሄርቪግ ቼክ፣ አስፐርገር ሕፃናትን ወደ ሽፒግልግሩንድ መላኩን በሰነድ አሳየ፤ ናዚዎች አካል ጉዳተኛ ሕፃናትን ይገድሉበት የነበረ ክሊኒክ ነው። ስሙን የጠላ አይፈረድበትም።

ለጎንደር የሚቀርበው በ2004 እስራኤል ውስጥ የተሠራ ጥናት ነው፤ ቤተ እስራኤል የሚባሉት ኢትዮጵያውያን አይሁድ በብዛት የሄዱት ከጎንደር አካባቢ ነውና። ኢትዮጵያ ተወልደው ከሄዱት የቤተ እስራኤል ልጆች መካከል ኦቲዝም ያለበት አንድም አልተገኘም፤ ከዚያው ማኅበረሰብ እዚያ ከተወለዱት መካከል ግን ተገኝቷል። ወይ አልነበሩም፣ ወይ አልታወቁም። ሳንጃን ያየ ሁለተኛውን ያምናል። የውጭ አገር መጠይቆች «ልጁ ዓይን ዓይን ያያል?» ይላሉ፤ እዚህ ትልቅ ሰው ፊት ዓይኑን የሚሰብር ልጅ ይመረቃል እንጂ ሐኪም ቤት አይወሰድም።

ሐፍረቱም አለ። አዲስ አበባ ውስጥ የእድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎች ተጠይቀው በ2016 በወጣ ጥናት፣ ግማሽ ያህሉ እንደሚያፍሩ፣ ከሩብ በላይ የሚሆኑት የልጁን ሁኔታ እንደሚደብቁ ተናግረዋል። የሳንጃዋ እናት አልደበቀችም፤ ጠበል ወሰደችው። «ጠበሉን አልማም። ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ግን ድሮም ይጮሃል። ሲጮህ ‹መንፈሱ ለፈለፈ› አሉ። እኔ ቤት ሳጥበው ሁልጊዜ ይለፈልፋል ማለት ነው?»

በልዩ ፍላጎት ትምህርት የሠለጠነ መምህር ስንት እንዳለ የተጠየቁ አንድ የትምህርት ኃላፊ «በደብዳቤ አምጡ» አሉ። ደብዳቤው ደረሰ፤ መልሱ አልመጣም።

መፍትሔውን የጀመረው የክፍሉ መምህር ነው፤ ያሠለጠነው የለም። ደወሉ በሽቦ የተንጠለጠለ ቸርኬ ነው። መምህሩ ልጁን መስኮት ዳር አስቀመጠው፤ ዘበኛው ብረቱን ይዞ ወደ ቸርኬው ሲሄድ ያያል፣ ጆሮውን ይሸፍናል፣ ዴስክ ሥር መግባት ቀረ። የቀኑን ፕሮግራም ጠዋት ሰሌዳው ጥግ ይጽፍለታል። አሽሙር ትቷል፤ «ዝም በል» ሲል እስከ መቼ እንደሆነ ይነግረዋል።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሐኪሞች አሉ። ከ2023 ወዲህ ግን በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ፣ ትምህርት ቤቶችም ሲዘጉ፣ ቀጠሮ መያዝ ራሱ ድፍረት ይጠይቃል፤ ቋሚ ሥርዓት ለሚሻ ልጅ ደግሞ በድንገት የተዘጋ ትምህርት ቤት ምን እንደሚያደርግ እናቱ ብቻ ታውቃለች።

በሚቀጥለው ዓመት አምስተኛ ክፍል ይገባል፤ በየትምህርቱ ሌላ መምህር ነው። የአሁኑ መምህር ስለ ቸርኬውም ስለ መስኮቱም አንድ ገጽ ጽፎ አስቀምጧል። የሚረከበው መምህር ግን ገና አልተመደበም።