ዘፋኝ በድረ ገጽ የራሱን ደጃፍ ስለ ማቆሙ

በጉራጌ አገር የመንደር አሠራር እጅግ የተስተካከለ መሆኑን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። በመንደሩ መካከል ጀፎረ የሚባል ሰፊ የሣር መንገድ ይዘረጋል፤ ቤቶቹም በግራና በቀኝ ተሰልፈው ፊታቸውን ወደ እርሱ ያዞራሉ። ሠርግና ልቅሶ፣ በዓልና ሽምግልና የሚደረገው በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ የሚፈልገውን ሰው ስም ብቻ ቢያውቅ፣ ማንም ልጅ በጣቱ አመልክቶ ከደጃፉ ያደርሰዋል።

በወልቂጤና በቡታጅራ ተቀምጦ ዜማ የሚያወጣ ወጣት ግን ድምፁ ከመንደሩ አልፎ በሄደ ጊዜ ይህን የመሰለ ደጃፍ ያጣል። በጉራጊኛ የዘፈነው ዘፈን በስልክ ወዲያው ወደ መርካቶ፣ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ ወደ አሜሪካና ወደ ዐረብ አገር ይደርሳል። ሰሚው እያጨበጨበ ይሰማል፤ ነገር ግን ዘፋኙን ለልጁ ሠርግ ሊጠራው፣ ወይም ዜማውን በዋጋ ሊገዛው በወደደ ጊዜ ቤቱ ወዴት እንደ ሆነ የሚያመለክተው አያገኝም። ዘፈኑ ታወቀ፤ ባለ ዘፈኑ ግን አልታወቀም። የዚህም ጉዳት የሚወድቀው በዘፋኙ ላይ ብቻ ሳይሆን፣ በእርሱ ድካም በሚተዳደሩት በሚስቱና በልጆቹ ላይ ጭምር ስለ ሆነ፣ ነገሩን በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ መመልከቱ ተገቢ ሆኖ ተገኝቷል።

ለዚህ ችግር መድኃኒቱ ድረ ገጽ ነው። ድረ ገጽ ማለት በኢንተርኔት ላይ በአንድ ሰው ስም ተመዝግቦ የሚቆም፣ ጽሕፈትና ሥዕል ድምፅም የሚቀመጥበት፣ ማንም ሰው አድራሻውን በስልኩ ጽፎ በማናቸውም ሰዓት ሊገባበት የሚችል ቤት ነው። ዩቲዩብ፣ ፌስቡክና ቲክቶክ ግን ገበያ ናቸው። ወደ ገበያ መውጣት መልካም ነው፤ የገበያንም ጥቅም ለጉራጌ ማስተማር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ሆኖም ብልኅ ነጋዴ ዕቃውን በገበያ ይሸጣል እንጂ ቤቱን በዚያ አይሠራም፤ የገበያው ጌታ ሥርዓቱን በለወጠ ቀን መደቡ ይነሣልና።

ይህም በግምት የተባለ አይደለም። ማይስፔስ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በአንድ ወቅት በዓለም ላሉ ወጣት ሙዚቀኞች ሁሉ ዋናው መሰብሰቢያ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ግን፣ ዕቃ ከአንዱ መዝገብ ቤት ወደ ሌላው ሲዘዋወር፣ ከ2016 በፊት የተቀመጠው ዜማ ሁሉ እንደ ጠፋ ኩባንያው ራሱ አስታወቀ። ሌላ ግልባጭ ያላስቀረ ሙዚቀኛ የብዙ ዓመት ድካሙን በአንድ ቀን አጣ።

ከአገራችን ሰዎችም ምሳሌ የሚሆኑ አሉ። ከጉራጌ ቤተ ሰብ ተወልደው በአዲስ አበባ ያደጉት ዝነኛው ድምፃዊ ማሕሙድ አሕመድ «እረ መላ መላ» የተባለውን ዜማቸውን በአዲስ አበባ ያወጡት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1975 ነው። ይህ ዜማ በቤልጅግ አገር በክራምድ ዲስክስ አሳታሚነት ለአውሮፓ ሰሚ የቀረበው በ1986 ሲሆን፣ በመካከሉ 11 ዓመት አልፏል። በዚያ ዘመን ሙዚቀኛው አሳታሚ እስኪያገኘው ድረስ ከመጠበቅ በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም።

ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቀው የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ነው። እኒህ ሰው በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ይጫወት ከነበረው ከዋልያስ ባንድ ጋር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ወደ አሜሪካ ሄደው በዚያው ቀሩ። በ1985 አኮርዲዮንና የኤሌክትሪክ ፒያኖ እየተጫወቱ አንድ ካሴት አወጡ፤ ከዚያም በዋሽንግተን ከተማ ታክሲ እየነዱ ኖሩ። መንገደኛ በሚጠብቁበት ሰዓት ከታክሲው ዕቃ መጫኛ የሙዚቃ መሣሪያቸውን አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ብራያን ሺምኮዊትዝ የሚባል አሜሪካዊ የሙዚቃ አሳታሚ ያንኑ ካሴት በባሕር ዳር ከተማ አገኘና ባለቤቱን ፈልጎ ደረሰባቸው። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታተመ፤ እርሳቸውም ወደ መድረክ ተመልሰው በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ ሥራ አወጡ። ነገሩ በደስታ ተፈጸመ፤ ዳሩ ግን በካሴቱና በፈላጊው መካከል 28 ዓመት የቆመው አንድ ነገር ብቻ እንደ ነበረ አንባቢ ያስተውል፤ ይኸውም የታወቀ አድራሻ ማጣት ነው። እንዲህ ያለ ትጉ ፈላጊ ለእያንዳንዱ ዘፋኝ ይመጣል ብሎ ልጆቹን በተስፋ የሚያሳድር አባት አይኖርም።

እንግዲህ ድረ ገጽ ለማቆም የሚያስብ ዘፋኝ ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ስሙ ይጠንቀቅ። አንዱ «ኃይሉ»፣ አንዱ «ሀይሉ»፣ ሌላውም «ኀይሉ» ብሎ ቢጽፍ ንባቡ አንድ ነው፤ ለሚፈልገው መሣሪያ ግን ሦስት ሰዎች ሊመስሉ ይችላሉ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ልዩነቱ ይበዛል። ስለዚህ በአማርኛም በላቲንም አንድ አጻጻፍ መርጦ፣ በካሴትም በማስታወቂያም በድረ ገጹም ሳይለውጥ ይጠቀምበት።

ሁለተኛው፣ የድረ ገጹ አድራሻ በራሱ በዘፋኙ ስም ይመዝገብ። አድራሻው በየዓመቱ ጥቂት ገንዘብ እየተከፈለበት የሚታደስ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያስመዘግበው ሥራውን የሚያውቅ ዘመድ ወይም የስቱዲዮ ባለቤት ይሆንና በራሱ ስም ያደርገዋል፤ ፍቅር ሳለ ነገሩ አይታወቅም፤ ጠብ በመጣ ጊዜ ግን ባለቤቱ ከገዛ ቤቱ ደጅ ይቆማል። ሠሪውን መቅጠር ይገባል፤ ቁልፉን መስጠት ግን አይገባም።

ሦስተኛው፣ እንግዳ በገባ ጊዜ ምን እንደሚያገኝ ማሰብ ነው። ከላይ ስሙና አንድ የጠራ ፎቶግራፍ፣ ከዚያ በታች ወዲያው የሚሰማ አንድ የተመረጠ ዘፈን ይሁን። ከዚህ ቀጥሎ የት ተወልዶ ከማን እንደ ተማረ የሚገልጽ አጭር ታሪክ፣ የሚጫወትበት ቦታና ቀን፣ ለሠርግና ለበዓል የሚጠሩት የሚደውሉበት ስልክ፣ ዜማውን የሚገዙትም ገንዘቡን በቴሌብር ወይም በባንክ የሚልኩበት መንገድ በግልጽ ይጻፍ። ጎብኚው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በስልክ ስለ ሆነ፣ በከባድ ሥዕልና በሚንቀሳቀስ ጌጥ ገጹን ማስጨነቅ የእንግዳውን ገንዘብና ትዕግሥት ማባከን ነው።

አራተኛው የቋንቋ ጉዳይ ነው። የጉራጊኛው ግጥም በጉራጊኛ ተጽፎ፣ ትርጓሜው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ከጎኑ ይቀመጥ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ የገባው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ነው፤ ለሰባት ቤት ጉራጌ ድምፆች የሚያገለግሉ ፊደላት በ2005፣ ሌሎችም ለጉራጊኛ ጽሕፈት የሚያስፈልጉ በ2021 ተጨምረዋል። ስለዚህ የአያቶቻችንን ቋንቋ በሌላ ፊደል አጣሞ ለመጻፍ ምክንያት የለም። ግጥሙ ግን በሥዕል መልክ ሳይሆን በፊደል ይጻፍ፤ ፈላጊ መሣሪያ የሚያነበው ፊደልን ነውና። በባዕድ አገር የተወለደ ልጅም የእናቱን ቋንቋ ቃል በቃል እየተከተለ ሊማርበት ይችላል።

አምስተኛው፣ ቤት ሠርቶ መተው እንዳይሆን ነው። ያለፈው ዓመት ቀጠሮ እንደ ተጻፈ የቀረበት ድረ ገጽ እንግዳውን «ባለቤቱ ሞቶ ይሆን?» ያሰኘዋል። ጉራጌ ለመስቀል፣ እስላሙም ለዐረፋ ከየአገሩ ወደ ትውልድ ቀዬው እንደሚመለስ የታወቀ ነው፤ ዘፋኝም ከዚህ በፊት አዲሱን ዜማና ቀጠሮውን ሊያስታውቅ ይገባዋል። በፈቃዳቸው ስማቸውንና አድራሻቸውን የሚሰጡትን ወዳጆች በመዝገብ ይዞ መልእክት ቢልክላቸው፣ በሌላ ሰው ገበያ ከሚጮኽ ይልቅ ይሰማል።

ድረ ገጽ ለብቻው ሰሚ አይወልድም፤ ዜማው መልካም ካልሆነ ያማረ ደጃፍ አያድነውም። ወጪውም ለጀማሪ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ሦስት ገጽ ያለው ንጹሕ ሥራ ለመጀመሪያ ይበቃል፤ ኮምፒውተር የተማሩ ልጆችም በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ።

በመጨረሻም ሕጉን እናስታውስ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደ ተሻሻለው፣ ለግጥሙና ለዜማው ደራሲ የሰጠው የጥቅም መብት በሕይወቱ ዘመን ሁሉ፣ ከሞተም በኋላ ለወራሾቹ 50 ዓመት ይጸናል። የዘፋኙ መብትና የቀረጻው አሳታሚ መብትም ለየብቻው የታወቀ ነው። እንግዲህ ዘፈን እንደ መሬትና እንደ ቤት ለልጅ የሚተላለፍ ሀብት ነው። ነገር ግን ግጥሙን ማን እንደ ጻፈው፣ ዜማውን ማን እንዳወጣው፣ በየትኛው ዓመት እንደ ተቀረጸ ያልተጻፈ እንደ ሆነ ወራሽ ምን ይዞ ይከራከራል? በድረ ገጹ ላይ በእያንዳንዱ ዘፈን ሥር ይህ ሁሉ ቢጻፍ፣ ምንም እንኳ የውልን ቦታ ባይተካ፣ ለዓለም ሁሉ የተገለጠ ምስክር ይሆናል። ውሉ ግን በወረቀት ተጽፎ፣ ምስክሮች ፈርመውበት በቤት ይቀመጥ፤ የድረ ገጹ የምስጢር ቃልም ከውሉ ጋር ታሽጎ ሚስት ወይም የበኵር ልጅ የሚያውቀው ይሁን።

በየሹመታችሁ ያላችሁ ባለ ሥልጣኖችም፣ ለሠርግና ለበዓል ዘፋኝ በምትጠሩ ጊዜ ዋጋውን ከመክፈል ጋር ስሙንና አድራሻውን በመጥሪያው ወረቀት ላይ ብታስጽፉለት፣ ከጭብጨባ የሚበልጥ ስጦታ ሰጣችሁት ማለት ነው። ጭብጨባው በማግሥቱ ይረሳል፤ ስሙን ያነበበ እንግዳ ግን ሌላ ሥራ ይዞለት ይመጣል፤ በዚያም የዘፋኙ ልጆች እንጀራ ያገኛሉ።